የፋይበር ሞደምና የቤት ስልክ መጠባበቂያ ባትሪ ስለ መቀየር

ጥያቄ፦ የሽምብጥ መምህር

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሲሆን ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ስለ ኤሌክትሪክ ያለኝ ዕውቀት አምፖል ከመቀየር ስለማያልፍ፣ ዕቃውን ከመነካካቴ በፊት የምታውቁትን ልጠይቅ ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

ቤታችን የሚጠቀመው ኢንተርኔት የፋይበር ነው። የቤት ስልካችንም ቀድሞ ይመጣበት የነበረው የመዳብ ሽቦ ቀርቶ፣ አሁን የሚሠራው በዚያው በፋይበር ሞደሙ ጀርባ ላይ ተሰክቶ ነው። ሞደሙ ኃይል የሚያገኘው ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ከገዛሁት አነስተኛ ዩፒኤስ (ውስጡ ባትሪ ያለው፣ መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ነው። ዩፒኤሱ አዲስ እያለ መብራት ሲጠፋ ሞደሙንና ስልኩን ወደ ሦስት ሰዓት ያህል ያቆይልን ነበር። ባለፈው ጥር ወር ይህ ጊዜ ወደ አርባ ደቂቃ ወረደ፤ አሁን ደግሞ መብራቱ በጠፋ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሳያቋርጥ ጮኾ ይዘጋል።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በየሰዉ እጅ ባለበት ዘመን ይህ ለብዙዎች ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። በእኛ ቤት ግን የጠረጴዛው ስልክ የእናቴ ነው። ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ዓይኗ ስለደከመ የተንቀሳቃሽ ስልክ መስታወት ምንም አያሳያትም። የጠረጴዛውን ስልክ ግን በእጇ ታውቀዋለች፤ 5 ቁጥር ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት በጣቷ ዳስሳ ካገኘች በኋላ፣ ከዚያ ተነሥታ ሌሎቹን ቁጥሮች እየቆጠረች ለእኔም ለእኅቴም ትደውላለች። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ፤ እኔ ቤት አልነበርኩም። እናቴ የደም ግፊት ስላለባት ራሷን ሲያዞራት ልትደውልልኝ ስልኩን አነሣች፤ ስልኩ ግን ዝም ብሏል። ቤት ስደርስ መነጋገሪያውን ከጆሮዋ ሳትለይ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። እግዚአብሔር ይመስገን ክፉ ነገር አልደረሰባትም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም።

የዩፒኤሱን የሥር ክዳን ከፍቼ ሳየው ባትሪው ላይ «12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ አንዱ ጎኑ ግን እንደ ትራስ ወደ ውጭ አብጧል። ባለ ሱቁ 9 አምፔር ሰዓት የሚለውን ብወስድ ይሻላል አለኝ፤ አንድ ዘመዴ ደግሞ የመኪና ባትሪ ብታያይዝበት ሌሊቱን ሙሉ ይይዝልሃል ይላል፤ የጎረቤቴ ልጅ ሊቲየም ካልሆነ አትግዛ ይለኛል። ማንን ልስማ? ያበጠውን ባትሪስ የት ላድርገው? በመጨረሻም የማይገባኝ አንድ ነገር አለ፤ ዩፒኤሱ መብራት ሳይጠፋ አንዳንድ ጊዜ «ቷ» ብሎ መጮኽ ይጀምራል፤ ይህም የሚሆነው በተለይ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ነው።

መልስ፦ የጥገና ባለሙያ፣ ፖሊ አካባቢ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። እናትዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን፤ ጥያቄዎን እንዳነበብሁ መልስ ሳልሰጥ ማደር አልሆነልኝም።

ከሁሉ በፊት ያበጠውን ባትሪ ዛሬውኑ ከዩፒኤሱ ያላቅቁት። ይህ ባትሪ በውስጡ እርሳስና የሰልፈሪክ አሲድ ያለበት፣ ዙሪያውን የታሸገ ዓይነት ነው። የሚያብጠው ውስጡ ከመጠን በላይ ሲሞቅና ጋዝ ሲፈጠርበት፣ የእርሳሱም ሰሌዳ በእርጅና ሲለጠጥ ነው፤ ካበጠ በኋላ ቻርጅ እየተደረገ ከቆየ ሊሰነጠቅና አሲድ ሊያፈስ ይችላል። እስኪቀይሩት ድረስ ሞደሙን በቀጥታ ከግድግዳው ይሰኩት፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ ከሚይዝ ባትሪ የሚያጡት ጥቅም የለም።

ሲያላቅቁት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዩፒኤስ ከግድግዳው ቢነቀልም ባትሪው ውስጡ እስካለ ድረስ በመውጫ ሶኬቶቹ 220 ቮልት ሊሰጥ ይችላል። ከዚህም በላይ ርካሽ በሆኑት ዕቃዎች ውስጥ የባትሪው መስመር ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር ያልተለያየ ሊሆን ስለሚችል፣ በግድግዳ ላይ እንደተሰካ የባትሪውን ጫፍ መንካት ከማስደንገጥ አልፎ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከግድግዳው ይንቀሉት፣ ከዚያ በማጥፊያው ያጥፉት፣ ከዚያ በኋላ ነው ክዳኑ የሚከፈተው። ቀለበትና የእጅ ሰዓትዎን ያውልቁ። ሁለቱ የባትሪ ጫፎች በካቻቢቴም ሆነ በፒንሳ ከተገናኙ ያቺ ትንሽ ባትሪ ከመቶ አምፔር በላይ ልትተፋ ትችላለችና። ሽቦዎቹን በጎማው ወይም በብረት መያዣቸው ይዘው ይሳቡ እንጂ ገመዱን አይጎትቱ። ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ መግባቱን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ የመጨረሻውን ጫፍ ሲሰኩ ትንሽ ብልጭታ ቢያዩ አይደንግጡ፣ የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ቮልቱ የግድ 12 መሆን አለበት፤ ይህ አይቀየርም። አምፔር ሰዓት የሚለው ደግሞ ባትሪው የሚይዘውን የኃይል መጠን የሚናገር ነው። 7 አምፔር ሰዓት የሚለው ባትሪ ልኩ የታወቀ ነው፤ ርዝመቱ 151፣ ወርዱ 65፣ ቁመቱ 94 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 9 አምፔር ሰዓት የሚባለውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ልክ ስለሚሠራ ዩፒኤሱ ውስጥ ይገባል፤ ባለ ሱቁ በዚህ አልተሳሳተም። ሆኖም የጫፉን ስፋት ያመሳክሩ፤ 4.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠባብ ጫፍ አለ፣ 6.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰፊ ጫፍም አለ፤ ሰፊው መያዣ በጠባቡ ጫፍ ላይ ቢገባ ይላላል፣ የላላ ነገር ደግሞ ይሞቃል። ክብደቱንም በእጅዎ ይመዝኑ። እውነተኛ የ7 አምፔር ባትሪ ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ 9 የሚለው ከ7ቱ ካልከበደ ቁጥሩ የተጻፈው በካርቶኑ ላይ ብቻ ነው።

አዲስ ባትሪ ማለት በመደርደሪያ ላይ ብዙ ያልቆየ ማለት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። የእርሳስ ባትሪ ሳይነካ ተቀምጦም በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል፤ ወራት ካለፉትና ቻርጅ ካልተደረገ ሰሌዳው ላይ ነጭ ጨው እየደደረ ዳግመኛ በቅጡ የማይሞላ ይሆናል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት በቴስተር እንዲለኩልዎ ይጠይቁ፤ ከ12.7 ቮልት በላይ ካሳየ ጥሩ ነው፣ ከ12.4 በታች ከሆነ ሌላ እንዲያመጡልዎ ይጠይቁ። ያሮጌውንም ይለኩት፤ ስድስት ክፍሎች ስላሉትና እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቮልት ገደማ ስለሚይዝ፣ ቻርጅ ተደርጎ አድሮም 10.5 አካባቢ ካሳየ አንዱ ክፍል ሞቷል ማለት ነው።

በጣም ያሳሰበኝ ግን በመጨረሻ የጠቀሱት የ«ቷ» ድምፅ ነው። ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት እቤትዎ ውስጥ እንጀራ ይጋገራል? ዩፒኤስ የሚነቃው መብራት ሲጠፋ ብቻ አይደለም። ከመስመሩ የሚመጣው ቮልቴጅ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድም እንደጠፋ ቆጥሮ ወደ ባትሪው ይዞራል፤ መጠኑ በጀርባው ወይም በመመሪያው ላይ ተጽፎ ያገኙታል፣ 160 ወይም 170 ቮልት የሚሉ ብዙ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህም ከ13 እስከ 18 አምፔር ገደማ ማለት ነው። የቤቱ ሽቦ ቀጭን ከሆነ ወይም መጋጠሚያው ከላላ፣ ምጣዱ በበራ ቁጥር የሳሎኑ ሶኬት ቮልቴጅ ቁልቁል ይወርዳል፤ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ ዩፒኤሱም መብራት ባለበት ቤት ባትሪውን ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ባትሪ ሙሉ በሙሉ እየተሟጠጠ የሚሞላ ከሆነ የሚችለው ከሁለት መቶ እስከ ሦስት መቶ ዙር ያህል ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ 260 ጊዜ ይሆናል፤ መብራት የጠፋባቸው ቀናት ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ዕቃው የተበላሸብዎ በክፉ ዕድል አይመስለኝም። ይህ ካልተስተካከለ የሚገዙት አዲስ ባትሪም የአሮጌውን ዕጣ ይደግማል።

የመኪና ባትሪና ሊቲየም ያሉትን ሌሎች ሲጽፉበት እመለስበታለሁ።

መልስ፦ ተርጓሚዋ፣ ቀበሌ 14

ጋሼ፣ እኔ ከቤት ሆኜ የምሠራ ተርጓሚ ነኝ፤ ለአራት ዓመታት ያህል ከዚሁ ችግር ጋር ኖሬአለሁና የራሴን ልንገርዎ። ዩፒኤስ ሥራው እንዴት እንደሆነ ሳስበው ያስገርመኛል፤ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ያወጣና፣ የሞደሙ አዳፕተር ደግሞ ያንኑ 220 መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል። በመውጣቱም በመውረዱም ኃይል በሙቀት መልክ ይባክናል። ሞደምዎ 8 ወይም 10 ዋት ብቻ የሚጠቀም ቢሆን እንኳ ዩፒኤሱ ራሱን ለማንቀሳቀስ የዚያን ያህል ሊበላ ይችላል። ባትሪዎ 12 በ7 ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ሆኖ ሳለ ሦስት ሰዓት ብቻ የቆየልዎ ለዚህ ነው።

እኔ ያንን ትቼ፣ በሞደሙና በአዳፕተሩ መካከል የሚገባውንና «ሚኒ ዩፒኤስ» የሚሉትን ትንሽ ሣጥን ገዛሁ። ውስጡ የሊቲየም ባትሪ አለው፤ 12 ቮልቱን በቀጥታ ለሞደሙ ይሰጣል፣ መብራት ሲሄድና ሲመጣም ሞደሙ አይጠፋም። ስሠራ መብራት ቢጠፋ አምፖሉን ካላየሁ በቀር አላውቅም። ነገር ግን መጀመሪያ የገዛሁት አሳፋሪ ነበርና እርስዎ እንዳይሳሳቱ ያየሁትን ልግለጽ። ሣጥኑ ላይ ግዙፍ ቁጥር ተጽፎበት ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ መያዝ አቃተው። ወንድሜ ሲከፍተው ውስጡ አራት ቦታ ያለው ሆኖ፣ ሁለቱ ቦታ ባዶ ነበር።

ሁለተኛውን ስገዛ ግን ጠይቄ ነው። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው ቁጥር የሚሰላው በ3.7 ቮልት ስለሆነ፣ በእውነት የያዘው 37 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ 10 አምፔር ሰዓት በ12 ቮልት ማለት አይደለም። ከዚህ ላይ ብክነቱ ሲቀነስ 8 ዋት ለሚጠቀም ሞደም አራት ሰዓት አካባቢ ይሰጣል፤ የእኔ ሦስት ሰዓት ተኩል ይቆይልኛል። በውስጡ ያሉት ክብ ባትሪዎች እያንዳንዳቸው 2,000 እስከ 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢይዙ ነው፤ አንዲቱ ባትሪ ብቻዋን 9,900 ትይዛለች ብሎ የተጻፈ ካዩ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

የሞደሙን አዳፕተር ጀርባ ያንብቡ፤ 12 ቮልት የሚል ከሆነ ሞደሙን በሚኒ ዩፒኤሱ የ12 ቮልት መውጫ ይሰኩት እንጂ በ9 ቮልቱ አይሰኩት። የመሰኪያውም ጫፍ በውጭ 5.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ የውስጡ ቀዳዳ 2.1 ወይም 2.5 ይሆናል፤ ሁለቱ በዓይን አይለዩም፣ የተሳሳተው ግን ወይ አይገባም ወይ እየላላ ሞደሙን ያጠፋዋል። ስልክዎ የሚሰካው በሞደሙ ላይ ስለሆነ፣ ሞደሙ በሕይወት እስካለ ድረስ የእናትዎ ስልክም ይሠራል።

መልስ፦ ከዘጌ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ላይ ሲሆን አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። እኛ ዘንድ መብራት ከሄደ ውሎ ሊያድር ስለሚችል የሦስት ሰዓቱ ነገር አይበቃንም፤ ለዚህም የጋሼ ዘመድ የተናገሩትን የመኪና ባትሪ በዩፒኤስ ላይ አያይዤ አንድ ዓመት ተጠቅሜአለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ይይዝ እንደነበር ልመሰክር እችላለሁ። በዓመቱ ግን ዩፒኤሱ ውስጡ ተቃጠለ፤ ክፍሉም ከዚያ በፊት የሚቆመጥጥ ሽታ ይሸተው ነበር። ባለሙያው ምክንያቱን ቢያስረዱን ለሌላውም ይጠቅማል።

መልስ፦ የጥገና ባለሙያ፣ ፖሊ አካባቢ

ልምድዎን በግልጽ ስላካፈሉ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው የተቃጠለበትን አይናገርም።

የትንሽ ዩፒኤስ ቻርጅ ማድረጊያ አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከአንድ አምፔር አይበልጥም። ለ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይህ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ 70 አምፔር ሰዓት የሆነ የመኪና ባትሪ ግን ከተሟጠጠ በኋላ ለመሙላት ቀናት ይፈልጋል፣ እስከዚያም ቻርጅ ማድረጊያው ያለ ዕረፍት ሲግል ይሰነብታል። ኃይሉን ወደ 220 የሚያወጣው ክፍልም የተሠራው ለጥቂት ደቂቃዎች ወይም ለጥቂት ሰዓታት እንጂ ለሌሊት አይደለም። የሸተተዎት ሽታ ደግሞ የቸልታ ነገር አልነበረም። የመኪና ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በክፍሉ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ታፈነዳዋለች፣ የአሲዱም ትነት ለሳንባ መጥፎ ነው። በዚያ ላይ የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለአፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ስለሆነ እስከ ሥሩ ሲሟጠጥ ቶሎ ይሞታል። እርስዎ ዘንድ ላለው ችግር የሚሆነው አነስተኛ የፀሐይ ፓነል፣ ለፀሐይ ኃይል የተሠራ ባትሪና ቻርጅ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሞደሙን ከዚያ በ12 ቮልት መመገብ ይቻላል፣ ቮልቴጁን ልኩን የሚያስጠብቅ ማስተካከያ በመካከል ከገባ።

ስለ ሊቲየም የጋሼ የጎረቤት ልጅ ግማሽ እውነት ተናግሯል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ሁለት ሺህ ዙርና ከዚያ በላይ ይችላል፤ ሙቀትንም ከእርሳሱ ይልቅ ይታገሣል። ነገር ግን የእርስዎ ዩፒኤስ የተሠራው ለእርሳስ ባትሪ ነው። ቻርጅ አደራረጉም ባትሪው ማለቁን የሚያውቅበትም ቮልቴጅ በእርሳሱ ልክ የተቃኘ ስለሆነ፣ መመሪያው በግልጽ ካልፈቀደ አይቀላቅሉ። ሊቲየም ከፈለጉ ቀበሌ 14 ያሉት እኅታችን እንዳሉት ለሊቲየም የተሠራውን ሚኒ ዩፒኤስ ይውሰዱ፤ እውነቱን ለመናገር ለእናትዎ ስልክ እኔም የምመርጠው እርሱን ነው። ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ግን ባለዎት ዩፒኤስ ውስጥ የ7 አምፔር ባትሪ መቀየር በቂ ነው፣ የምጣዱ ነገር ከተስተካከለ።

የሚያስቀምጡበትንም ቦታ ያስቡበት። የዚህ ባትሪ ዕድሜ የሚነገረው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስ ይገመታል። የእኛ ከተማ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ወይም ቴሌቪዥንና ዲኮደር ከሥሩ በሚሞቁበት መደርደሪያ ላይ ደግሞ ይብሳል። ወለል ላይ፣ ውኃ በማይደርስበትና አየር በሚገባበት ጥግ ያድርጉት።

አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ ልጨምር። ዕቃውን ሲያንቀሳቅሱ ጫፉ አረንጓዴ የሆነውን ቀጭኑን የፋይበር ገመድ አይጎትቱ፣ አጥብቀውም አይቆልምሙት፤ ውስጡ መስታወት ነው። ከተነቀለም ጫፉን በዓይንዎ አይመልከቱ፤ የሚያልፍበት ብርሃን በዓይን አይታይም፣ ዓይንን ግን ሊጎዳ ይችላል። ባትሪ ቀይረው ሲያበቁ በሞደሙ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ችግሩ ከባትሪው ሳይሆን ከፋይበሩ መስመር ነውና ለአገልግሎት ሰጪው በ994 ያስመዝግቡ።

ጠያቂው ተመልሶ የጻፈው፦ የሽምብጥ መምህር

ውድ ወገኖቼ፣ ያደረግሁትን ሳልነግራችሁ መቅረት ውለታ መብላት ስለሚሆን ተመልሻለሁ።

ባለሙያው እንደጠረጠሩት ረቡዕና ቅዳሜ እንጀራ የሚጋገርባቸው ቀናት ናቸው። የሰፈራችንን ኤሌክትሪሽያን ጠርቼ የሳሎኑን ሶኬት አስለካሁ፤ ምጣዱ ሳይበራ 206 ቮልት አሳየ፣ ምጣዱ በበራ ቅጽበት 168 ሆነ፣ ዩፒኤሱም ያችኑ «ቷ» አሰማ። በጀርባው ላይ ሳነብ የተጻፈው 170 ነው። የማድ ቤቱ ምጣድ የሚሰካው ከሳሎኑ በተቀጠለ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ኤሌክትሪሽያኑ የመጋጠሚያ ሣጥኑን ክዳን ሲያነሣ ናስትሮው ቀልጦ እንደ ሙጫ ወርዷል፣ የሽቦው ልብስ ጠቁሯል፣ የሣጥኑ ላስቲክም በአንድ በኩል ቡናማ ሆኗል። በአጠገቡ የኮርኒሱ ጨርቅ አለ። ያን ባየሁ ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ። ሁለተኛው መጋጠሚያም እንዲሁ ነበር። አሁን ለምጣዱ ከቆጣሪው አጠገብ ጀምሮ የራሱ ብሬከር ያለው ወፍራም መስመር ተዘርግቶለታል፤ ምጣዱ በርቶ የሳሎኑ ሶኬት 190 ቮልት ያሳያል፣ ዩፒኤሱም ባለፈው ቅዳሜ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ድምፁን አላሰማም።

ባትሪውን በ7 አምፔር ሰዓት ቀይሬዋለሁ። ሱቅ ውስጥ ስናስለካ የመጀመሪያው 12.2 ሆነ፤ እንደተመከርሁት ሌላ እንዲያመጡልኝ ብጠይቅ ባለ ሱቁ ሳያጉረመርም ከውስጥ አመጣልኝ፣ እርሱ 12.9 አሳየ። አንድ ሌሊት ቻርጅ ካደረግሁት በኋላ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቅዬ ሰዓት ያዝሁ፤ ሞደሙንና ስልኩን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያዘ። እናቴ ይህ ሁሉ ስለ እርሷ መሆኑን ስታውቅ፣ ሰዓቱን ከምቆጥርበት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና በየመሐሉ መነጋገሪያውን እያነሣች «አለ» ትለኝ ነበር። በባትሪው ጎን ላይ የገባበትን ወርና ዓመተ ምሕረት በማርከር ጽፌበታለሁ፤ በየሦስት ወሩም ለግማሽ ሰዓት ነቅዬ ልፈትነው አስቤአለሁ። ለእኅቴ ቤት ደግሞ ሚኒ ዩፒኤሱን እንገዛለን።

ያሮጌው ባትሪ ገና አልተወገደም። ትናንት በራችን ላይ ቆራሌ ሲያልፍ ልሰጠው ወጥቼ ነበር፤ ነገር ግን ምን ያደርገው እንደሆነ ሳላውቅ መስጠት ከበደኝና ተመለስሁ። ሁለተኛ ጥያቄዬ ደግሞ ክረምቱን የሚመለከት ነው፤ ነጎድጓዱ ሲጀምር ሁሉንም ነቅለን እንቀመጥ ነበር፣ አሁንም እንዲያ እናድርግ?

መልስ፦ ተርጓሚዋ፣ ቀበሌ 14

ጋሼ፣ ስለ ቆራሌው በሚገባ አስበዋል። እርሳሱ ዋጋ ስላለው አንዳንዱ በግቢው ውስጥ ሰብሮ አሲዱን መሬት ላይ ያፈስሰዋል፣ እርሳሱንም በከሰል ያቀልጠዋል፤ ጢሱና አፈሩ የሚጎዳው በመጀመሪያ አጠገቡ የሚጫወቱትን ሕፃናት ነው፤ እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳልና። ከእኛ ሰፈር ያለው ቦይ ደግሞ በክረምት በቀጥታ ወደ ጣና ይወርዳል። እኔ የማደርገው የመኪና ባትሪ ከሚሸጡ ሱቆች መካከል አሮጌውን ተቀብለው በጅምላ ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ የሚልኩትን ጠይቄ ለእነርሱ ማስረከብ ነው። እስከዚያው ሁለቱን ጫፎች በናስትሮ ጠቅልለው፣ ባትሪውን አቁመው በላስቲክ ሳፋ ውስጥ፣ ልጆችና ፀሐይ በማይደርሱበት ቦታ ያኑሩት። ነጭ ዱቄት ወይም እርጥበት ካዩበት በባዶ እጅዎ አይንኩት።

መልስ፦ የጥገና ባለሙያ፣ ፖሊ አካባቢ

የመጋጠሚያውን ሁኔታ ሳነብ ደነገጥሁ፤ ባትሪው ቀድሞ መሞቱ ቤትዎን አትርፎልዎታል ማለት እችላለሁ።

ስለ ነጎድጓዱ፣ አዎን ይንቀሉ፤ ነገር ግን ሁሉንም አይደለም። ነጎድጓዱ ገና ከሩቅ ሲሰማ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ይንቀሉትና ሞደሙና ስልኩ በዩፒኤሱ ላይ እንደተሰኩ ይተዉአቸው። በመዳብ መስመር ጊዜ መብረቅ በስልክ ሽቦው ይገባ ነበር፤ የፋይበሩ እምብርት ግን መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ብቻ ከምሰሶው ወደ ቤትዎ የሚመጣው የፋይበር ገመድ ከጎኑ የብረት ሽቦ ካለው፣ ያ ብረት ከግድግዳው ውጭ በመንጠቆው ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አለመግባቱን ኤሌክትሪሽያንዎ ይይልዎ። ይህ ከሆነ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እናትዎ በባትሪው መደወል ይችላሉ። ዝናቡ ካለፈ በኋላ መብራቱ ተመልሶ አምስት ደቂቃ ያህል ሲረጋ መልሰው ይሰኩት።